ለዲንቄ መሸነፍ

ቅዳሜ ጠዋት ዲንቄ ጓሮ ቆማ፣ የታጠበ አንሶላ በሁለት እጇ ይዛ ልትጨምቅ ስትል፣ ልጇ ጊፍቲ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ በስልክ ስታወራ ሰማች። ግድግዳው የጭቃ ነው። ባሏ ሰቦቃ ከሞተ ወዲህ በየክረምቱ ምርግ የሚደርብለት ሰው ስለጠፋ ሹክሹክታ እንኳን ያሳልፋል።

«እታግዬ፣ አደራሽን፣ ዛሬም እንዳለፈው አድርጉላት» ትላለች ጊፍቲ። «ግን ጎልቶ እንዳይታይ። ባለፈው የሺ ጉድ ልታደርገን ነበር እኮ! ስድስት መጥቶላት ዝም ብላ ስትቀመጥ እማዬ ጠረጠረች ብዬ ላቤ ነው የመጣው… አዎ… አዎ፣ ካሸነፈች ደህና ትተኛለች። ከተሸነፈች ግን እፈራላታለሁ።»

ዲንቄ አንሶላውን አልጣለችም፤ የታጠበ ነገር መሬት የምትጥል ሴት አይደለችም። ጨመቀችው። ውሃው ካለቀ በኋላም ጨመቀችው። ገመዱ ላይ ስትሰቅለው እንደ ገመዱ ተጠማዞ ቀረ። ዘርግታ እስክታቃናው ድረስ፣ ከእንጦጦ ሲንከባለል የወረደው የነሐሴ ጭጋግ አጥሩን ተሻግሮ ጓሮው ገባና እሷንም አንሶላውንም አንድ ላይ ዋጣቸው። እዚያ ውስጥ ቆማ፣ ማንም ሳያያት፣ ፊቷ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆየች።

ነገሩ የሉዶ፣ ዳይስ እየተጣለ ጠጠር የሚሮጥበት የስልክ ጨዋታ፣ ነገር ነው። ዲንቄ፣ የሺሃረግ፣ እታገኝና ዳርቱ ዱሮ የአንድ ግቢ ሰዎች ነበሩ። ግቢው ካራ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለው የዲንቄና የሰቦቃ ግቢ ነው፤ ያኔ ከአጥሩ በስተኋላ የራሳቸው የስንዴ ማሳ ነበር፣ ዛሬ የሰው ቪላ ቆሞበታል። የሺሃረግና እታገኝ አዲስ ሙሽሮች ሆነው ሰርቪስ ቤቶቹን ተከራዩ። ዳርቱ ደግሞ የሰቦቃ ታናሽ እህት ናትና እዚያው ተወልዳ እዚያው አደገች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ዘመን አራቱ ሴቶች ቧንቧው ስር ጀሪካን ደርድረው፣ መሬቱን በማንኪያ ቆፍረው፣ በባቄላ ገበጣ ይጫወቱ ነበር። የተሸነፈችው የአሸናፊዋን ጀሪካን ተሸክማ በሯ ድረስ ታደርሳለች፤ አሸናፊዋ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች አንድ ሰፈር እስኪሰማ ታላግጥባታለች። የሰፈሩ ወንዶች በዚያ ሰዓት በቧንቧው በኩል ማለፍ ይፈሩ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። በኋላ የሺሃረግ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ሱቅ ከፍታ ሄደች፣ እታገኝ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ ዳርቱም ወሰን አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ ስፌት ጀመረች። ለቅሶና ሰርግ ሲሆን ይገናኛሉ። ኅዳር ላይ ሰቦቃ «ደረቴን» ብሎ ተኝቶ ሳይነሳ ቀረና ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ተመልሰው ሲበታተኑ ጊፍቲ፣ እናቷ ከግድግዳ ጋር ስትፋጠጥ እንዳትውል፣ ስማርት ስልክ ገዛችላት። ሉዶውንም የጫነችላት እሷ ናት።

እንግዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሲመሻሽ፣ አራቱ በስልክ ይሰበሰባሉ። ድምፃቸው በኢሞ ይመጣል፣ ጠጠራቸው መስታወቱ ላይ ይሮጣል። እንደ እቁብ ተረኛ አላቸው። ተረኛዋ በስልኳ የጨዋታ ክፍል ከፍታ የመግቢያውን ቁጥር ለሌሎቹ ትልካለች፤ ሥራዋ ይኸው ብቻ ነበር፣ ግን እነዚህ ሴቶች እንግዳ ጠርተው ባዶ ቤት ማስቀመጥ አይሆንላቸውምና ተረኛ የሆነችው ቤቷን ትጠርጋለች፣ የሶፋ ልብስ ትቀይራለች፣ የሚቀመስ ነገር ትሠራለች፣ ፎቶውንም አስነስታ ትልካለች። እንግዶቹ «እጅሽ ይባረክ» ብለው በየቤታቸው ምራቃቸውን ይውጣሉ። የሺሃረግ ጨዋታው ሳይጀመር በጸሎት ትከፍታለች። ዳይስ መወርወር ኃጢአት እንደሆነ ፓስተሯን ስትጠይቅ፣ ብር ካልተያዘበት ግድ የለም ብሏት ነው የገባችው፤ ዳይሱንም የሚወረውረው ስልኩ እንጂ እሷ እንዳልሆነች በየጊዜው ሳታስታውስ አታልፍም።

ዲንቄ ክረምት ከገባ ጀምሮ ተሸንፋ አታውቅም። ይህን ደግሞ ለብቻዋ አልያዘችውም። ለባለ ሱቁ አውርታለች፣ ለእድሯ ሴቶች አውርታለች፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ እታገኝን፣ ገበጣ ላይ ሰይጣን የነበረችዋን እታገኝን፣ በስልክ አስቀምጣ «ጠጠርሽን አታጣድፊያት፣ ኋላሽን እያየሽ ሂጂ፣ ላስተምርሽ» ብላታለች። እታገኝም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ነበር ያለችው። አሁን ጭጋጉ ውስጥ ቆማ ያ «አመሰግናለሁ» ትዝ ሲላት ጆሮዎቿ ጋሉ። እታገኝ በሕይወቷ ማንን አመስግና ታውቃለች?

ቁርስ ላይ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሶፋ፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ ከመስኮቱ ስር የሰቦቃ ወንበር። ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም፣ አትቀመጡም ያለ ሰው ግን የለም። ጊፍቲ መገናኛ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ትገባለች። ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ወደ እናቷ ገፋች። ዲንቄ መልሳ ገፋችው። ጊፍቲ ደግማ ገፋችው። ከዚህ በፊት ዲንቄ ይህን አይታው አታውቅም፤ ዛሬ ዳቦው ሲመላለስ ታያት።

«ዛሬ ተረኛዋ አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ጊፍቲ።

«ነኝ።»

«ካርድ ልግዛልሽ ስመለስ? ፓኬጁ እንዳያልቅ።»

«የሃምሳ ብር አለኝ።»

ዲንቄ ‹ሰምቼሻለሁ› ልትል አፏን ከፈተች። ግን የልጇ ዓይን ስር ያለውን ጥቁረት አየች። ይቺ ልጅ ማታ ማታ የእናቷን ትንፋሽ እያዳመጠች እንደምትተኛ ታውቃለች፤ ግድግዳው የጭቃ ነው፣ በሁለቱም በኩል ያሳልፋል። ስለዚህ ዳቦውን ጎረሰች። ጊፍቲ ስማት ወጣች።

የሰው ልብ አንድ ጊዜ ከጠረጠረ ማቆሚያ የለውም። ዲንቄ ሽንኩርት ልትገዛ ሂርጳ ሱቅ ሄደች። ሂርጳ በካራ የታወቀ ድርቅ ያለ ነጋዴ ነው፤ አምስት ሳንቲም ለማስቀነስ ግማሽ ቀን ያስቆማል ይባላል፣ ዲንቄም ከሱ ጋር ተከራክራ ባሸነፈችበት ቀን ወጥ ይጣፍጣታል።

«ሽንኩርት ስንት ነው?»

«አስራ አምስት።»

«አስራ አምስት! ወሰን በአስራ ሁለት እየሸጡት?»

«እሺ፣ በአስራ ሁለት ይሁንልሽ፣ እትዬ ዲንቄ።»

ዲንቄ ቀና ብላ አየችው። «አስር» አለች።

«እሺ፣ አስር።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርቱ ተበላሽቶብሃል እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣው! ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ» አለና፣ እሱ ራሱ ሳይታወቀው፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«ስምንት!» አለች ዲንቄ። በልቧ እባክህ፣ እባክህ አንዴ ብቻ ስደበኝ እያለችው ነበር። አንቺ ሴትዮ ሱቄን ልታዘጊ ነው፣ ሂጂ ከዚህ በለኝ። ሂርጳ ግን ሚዛኑ ላይ ሽንኩርቱን እየጨመረ «ስምንት ይሁን» አለ፤ አንድ ትልቅ ራስም ምርቃት ደረበበት። ዲንቄ አስራ አምስት ብሯን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሂርጳ መልሱን ይዞ እስከ አስፋልቱ ድረስ «እትዬ! እትዬ ዲንቄ!» እያለ ተከተላት፤ ያያቸው ሰው ሁሉ ሴትዮዋ ሰርቃ የምትሸሽ ነበር የመሰለው።

እግሯ ወደ ቤት አልመለሳትም። ሽንኩርቷን እንደያዘች ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ስትጠብቅ ረዳቱ «ማዘር፣ ጋቢና ይግቡ» አላት፤ ይህንንም ጠረጠረችው። መስታወቱን ጭጋጉ ሸፍኖት ነበር። ሾፌሩ በጨርቅ ሲያብሰው አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ የቆርቆሮ አጥር፣ አንዲት እርጥብ በግ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። ዲንቄ ዓይኗን ጨፈነች። ሰሞኑን ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣላት የሉዶው ሜዳ ነው፤ አራት ቤት፣ አራት ቀለም፣ መሐል ለመሐል የሁሉም መግቢያ። ዛሬ ግን ሜዳው የዱሮው ግቢ ሆኖ መጣባት። መሐሉ ላይ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ሰቦቃ ከበሬዎቹ ተመልሶ እግሩን ሊታጠብ ከሴቶቹ ኋላ ወረፋ ይዞ ቆሟል፣ ማንም አያስቀድመውም፣ «ተራህን ጠብቅ» ይሉታል፣ እሱም ይጠብቃል። ረዳቱ «ወሰን ወራጅ!» ሲል ነቃች። ጉንጯ ረጥቦ ነበር፤ መስኮቱ ያስገባው ካፊያ ነው ብላ ጠረገችው።

ዳርቱ የምትኖረው ከአንድ ጋራዥ በስተጀርባ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ይውላል፤ የቀለም ሽታ በመስኮት ይገባል። ክፍሏ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋና ቁም ሳጥን፣ ወዲህ የስፌት መኪናዋ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና ሰማያዊ የተማሪ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ለአንዱ ሱሪ የስፌት አርባ ብር ትቀበላለች። ዲንቄ በሩ ላይ ስትደርስ ዳርቱ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ስልኳን ስፌት መኪናው ላይ አስደግፋ ሉዶ ትጫወት ነበር። ጎንበስ ብላ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጣቷን እንደ መርፌ እያወረደች። «በላሁህ!» ትላለች። «አንተንም በላሁህ! ወዴት ወዴት!» ዲንቄ ይህን ድምፅ ካወቀችው ስንት ዘመኗ ነው። ከሰማችው ግን ቆይታለች።

«ከማን ጋር ነሽ?» አለቻት።

ዳርቱ ደንግጣ ስልኩን ገለበጠችው። «ዲንቄ! በዚህ ጭጋግ! ግቢ እንጂ… ከማንም ጋር አይደለሁም፣ ከስልኩ ጋር ነው።»

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ ነኛ!» አለች፤ ከዚያ አፏን እንደመሰብሰብ ብላ «ስልኩ ቂል ነው» ስትል ጨመረች።

«እኔስ?»

«አንቺን ማን ይችልሻል!» አለች ዳርቱ፣ ክር ፍለጋ ወደ መሬት እያየች። ክሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ዳርቱ ያላትን አንድ ደህና ወንበር ጠርጋ ሰጠቻትና ሻይ ልታመጣ ከጋራዡ በር ወዳለችው ሻይ ቤት ሮጠች። ዲንቄ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። ሽንኩርቱን አስቀምጣ፣ ምን እንደገፋት እንጃ፣ የስፌት መኪናው ዱካ ላይ አረፈች። ከዚያ ሆና ቀና ስትል፣ መጋረጃው በተገለጠበት በኩል፣ የቁም ሳጥኑ ጎን ላይ የተለጠፈ የሰቦቃ ፎቶ አየች። ከመታወቂያው ላይ ተነስቶ የጎላ ነው፤ ፊቱ ነጠብጣብ ሆኗል። ከበሩ የሚገባ ሰው አያየውም፤ ከእንግዳ ወንበሩም አይታይም። የሚታየው እዚህ ዱካ ላይ ተቀምጦ ለሚሰፋ ሰው ብቻ ነው።

ያን የለቅሶ ሰሞን አሰበችው። እሷን ፍራሽ ላይ አስቀምጠው ሴቱ ሁሉ በዙሪያዋ ነበር፤ አንዷ ትከሻዋን፣ አንዷ እግሯን ይዘው። ዳርቱ የት ነበረች? ዳርቱ ጀሪካን ይዛ ስትወጣ ስትገባ፣ ድንኳን ስር ወንበር ስታደርስ፣ ድስት ስታጥብ ትታያታለች። አጠገቧ ተቀምጦ ‹አንቺስ እንዴት ነሽ› ያላት ሰው አንድም ትዝ አይላትም። ይኸው ዛሬም በየቅዳሜው፣ ወንድሟን ቀብራ፣ ለወንድሟ ሚስት ትሸነፋለች።

ሻዩ መጣ። በቆርቆሮው ድምፅ መሐል ጠጡት። ስለ ዘይት ዋጋ አወሩ፣ ስለ ክረምቱ መርዘም አወሩ፣ የአባዶው ኮንዶሚኒየም ውሃ እንደማይወጣ አወሩ። ወሬው አለቀ። ዲንቄ ስኒዋን እያየች «ዳርቱ፣ አንቺ ግን እንዴት ነሽ?» አለቻት።

ዳርቱ ፔዳሉን ረገጠች። መኪናው ጥቂት ሄደና ቆመ። «ይቺ መኪና ዘይት ትፈልጋለች» አለች፣ ጎንበስ ብላ። ቀና እስክትል ብዙ ቆየች። ዲንቄም አልጎተጎተቻትም። ስትወጣ ብቻ በሩ ላይ ዞራ «ማታ እንዳትቀሪ። ተረኛዋ እኔ ነኝ» አለቻት።

«ደግሞ የት እሄድብሻለሁ!» አለች ዳርቱ።

ከሰዓት በኋላ ዲንቄ ቤቷን እንደ ሙሽራ ቤት አዘጋጀችው። ወለሉን ወለወለች፣ ዳንቴሉን ቀየረች፣ ገብሱን በቂቤ ለውሳ ጭኮ ሠራች፤ ሽንብራ ቆላች። ለማይመጣ እንግዳ አራት ሳህን ደረደረች። ሥራውን ስትጨርስ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ጭጋጉ መስኮቱን አልፎ ሳሎኑ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ መሰላት። እንቅልፍ ይሁን ሌላ፣ ቀይዋ፣ ቢጫዋ፣ ሰማያዊዋና አረንጓዴዋ ጠጠር በየመንገዱ፣ በለጋሲዮን ዳገት፣ በአባዶ ኮብልስቶን፣ በወሰን ጋራዦች መሐል ኮቴ ሳያሰሙ ወደሷ ሲመጡ ታያት። አጠገቧ ሲደርሱ ሁሉም ዞር እያሉ ያልፏታል፤ ገፍቶ የሚጥላት የለም። ጊፍቲ ትከሻዋን ነክታ ስትቀሰቅሳት መብራት በርቶ ነበር።

ጊፍቲ ጭኮውን ፎቶ አንስታ ላከች። ዲንቄ ክፍሉን ከፈተች። ከልጇ ስልክ፣ ከፍ ከተደረገው ድምፅ ማጉያ፣ አንድ በአንድ ገቡ።

«ቤቶች!» አለች እታገኝ።

«ግቡ፣ ግቡ! ቤት ለእንግዳ» አለች ዲንቄ።

«ጫማ እናውልቅ እንዴ?»

«አንቺ አውልቂ፣ የአባዶ ጭቃ ነው የያዝሽው።»

ሳቁ መጣ፤ ለስለስ ያለ፣ የሕመምተኛ ጥየቃ ሳቅ። ዳርቱ «ደህና አመሻችሁ» ብላ ገባች። የሺሃረግ ጸለየች፤ «በሐዘን ያለችውን እህታችንን አጽናናት» ስትል ዲንቄ በልቧ ‹የትኛዋን?› አለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ዲንቄ አረንጓዴ፣ ዳርቱ ቀይ፣ እታገኝ ቢጫ፣ የሺሃረግ ሰማያዊ። ዲንቄ ዛሬ አልራራችም። የእታገኝን ጠጠር አግኝታ በላቻትና ወደ መነሻዋ መለሰቻት። «አምስተኛ ፎቅሽ ሊፍት የለውም አይደል? በይ በእግርሽ ውጪ!» አለቻት። የሺሃረግንም በላች፤ «የሺ፣ ዛሬ ጸሎቱን አሳጠርሽው መሰለኝ!» ከዚያ ዳርቱን። ደግማ እታገኝን። በስልኩ ውስጥ የሚመጣው መልስ ግን ጥጥ ነው። «ጎበዝ፣ እትዬ ዲንቄ።» «አወቅሽበት።» «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ እንኳን ተጫወቺ።» ትናንት ምርቃት የሚመስላት ቃል ሁሉ ዛሬ የሂርጳን ከንፈር ድምፅ ያሰማታል። ደግሞም አሁን ስለምታውቅ ታያለች። እታገኝ አራት መጥቶላት፣ በአራት የምትበላው የዲንቄ ጠጠር ፊቷ ቆሞ፣ ሌላ ጠጠር አንቀሳቀሰች። የሺሃረግ የተራዋ ሰዓት እስኪያልፍ ቁጭ አለች።

«እታገኝ፣ ያ ባልሽ አሁንም ዳማ ሲሸነፍ ‹መነጽሬን ረስቼ ነው› ይላል?» አለች ዲንቄ። «የሚጋባ ነገር ሳይሆን አልቀረም፣ ከሱ ነው የያዘሽ።»

እታገኝ በረጅሙ ተነፈሰች። ዱሮ ይህን ብትሰማ ጀሪካን ይወረወር ነበር። «እሺ ይሁን» አለች በመጨረሻ። ጊፍቲ በክርኗ እናቷን ነካ አደረገች፤ ‹ምን ሆነሻል› ነው። ዲንቄ አላየችም መሰለች።

ሦስት ጠጠሮቿን አስገባች። አራተኛዋ ሜዳውን ዞራ፣ ማንም ወደማይነካት ወደ ራሷ መግቢያ ልትታጠፍ አንዲት እርምጃ ቀራት። ከኋላዋ የዳርቱ ቀይ ጠጠር አለች። ተራው የዳርቱ ነው። ዳይሱ ተንከባለለና ሦስት ላይ ቆመ። አንድ ሁለት ሦስት ተብሎ ሲቆጠር የዲንቄ ራስ ላይ ነው የሚያርፈው። ዳርቱ ሌላም የምታንቀሳቅሳት ጠጠር ነበራት፣ ሩቅ፣ ለማንም የማትጠቅም። በስሟ ዙሪያ የሰዓቱ ክብ መጉደል ጀመረ። ዲንቄ በዓይኗ ጥግ የጊፍቲ ጣት በነጠላው ስር መልእክት ሲጽፍ አየች። እጇን ሰዳ የልጇን እጅ ያዘች፤ አላጠበቀችውም፣ ያዘችው ብቻ።

«ዳርቱ» አለች። «አንቺም እኮ ሐዘንተኛ ነሽ። ለአንቺስ ማን ተሸነፈልሽ?»

የሺሃረግ «ጌታ ሆይ» ስትል በቀስታ ተሰማች። ጊፍቲ እጇን ሳታስለቅቅ አንገቷን ደፋች። ክቡ እየጎደለ፣ እየጎደለ፣ ክር ሊያክል ሲቀረው ቀይዋ ጠጠር ተነሳች። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«በላሁሽ!» አለች ዳርቱ።

ከጋራዡ ኋላ፣ ከዚያች ክፍል የወጣ ድምፅ አይመስልም ነበር፤ ገና ወጣት ሳለች ቧንቧው ስር የምትጮኸው ጩኸት ነው። አረንጓዴዋ ጠጠር የመጣችበትን መንገድ ሁሉ ወደ ኋላ እየሮጠች ሄዳ መነሻዋ ላይ ቁጭ አለች። ጊፍቲ የእናቷን ፊት አየች። ፊቷ ሊያለቅስ ነው፣ ሊስቅ ነው፣ አልለየለትም።

«አንቺ ሌባ!» አለች ዲንቄ። «አንቺ የሰቦቃ እህት! እሱም እንዲሁ ከኋላ ነበር የሚመጣው!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። እታገኝ እልል አለች። «ተመስገን! አንጀቴን አሳረርሽኝ እኮ አንቺ ዲንቄ፣ ስንት ቅዳሜ ሙሉ ምላሴን ነክሼ! ባሌን ደግሞ አነሳሽ? ቆይ፣ ቆይ ብቻ፣ ለምነሽ እንኳ አላስወጣሽም!» የሺሃረግ «ስድስቱን እኔ ነኝ ያሳለፍኩት፣ ንስሐ እገባለሁ» እያለች ትንተከተካለች። ዳርቱ ትስቅ ነበር፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ፣ ረጅም፣ የታመቀ፣ ከኅዳር ጀምሮ የቆየ ልቅሶ። ሌሎቹ ዝም ብለው አለቀሱላት እንጂ አይዞሽ አላሏትም። ሲሰክንላት ዲንቄ «ጨረስሽ?» አለቻት።

«ጨረስኩ» አለች ዳርቱ አፍንጫዋን እየሳበች።

«ሰው በልተሽ ሌላ ተራ አለሽ። ወርውሪ።»

ዳርቱ ወረወረች። እታገኝ ወረወረች። የሺሃረግም ስልኩ እንጂ እሷ እንዳልወረወረች አሳስባ ነካችው። የዲንቄ ተራ ደረሰ። ጠጠሯ ከቤት ለመውጣት ስድስት ያስፈልጋታል። ሁለት መጣ። ዞሮ ሲመጣ አራት። ዞሮ ሲመጣ አምስት፤ «ውይ፣ ለጥቂት!» አለች እታገኝ፣ ድምፅዋ ውስጥ ምንም ርኅራኄ የለም። ሦስቱ እየተሳደዱ፣ እየተበላሉ፣ እየተሰዳደቡ በደጇ አለፉ። ማንም አልጠበቃትም። ውጭ ጭጋጉ ከአጥሩ በላይ ተነስቶ ስለነበር ከእንጦጦ ወገብ ላይ ጥቂት መብራቶች ይታያሉ። የጭኮው ቂቤ ሳህኑ ላይ ረግቷል፤ ጊፍቲ በማንኪያ ቆርሳ ጎረሰች፣ ለእናቷ አልገፋችላትም።

«እማዬ፣ ደከመሽ? ልዝጋው?» አለች።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለች ዲንቄ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል። «ተራዬን ታስበይኛለሽ።»

ዳይሱን ነካች። አንድ መጣላት።